በቤት የተቀረጸ ድምፅ፦ ስለ እማሆይ ጽጌ ማርያም ካሴቶችና ስለ እኛ ካሴቶች

(በክፋር ማርሞሬክ፣ ረሖቮት፣ ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች በተደረገ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ቁፓት ሖሊምና ስለ ልጆች ትምህርት ቤት ብዙ ስለ ተባለ፣ ዛሬ ስለ ሙዚቃ ተናገር ተብዬ ነው የቆምኩት። «የእኛ ችግር መቼ ሙዚቃ ሆነና!» የሚል ቢኖር አልቀየመውም፤ እውነቱን ነው። ነገር ግን ከአገር ቤት በመጣው ሻንጣችሁ ውስጥ፣ ከነጠላው ሥር፣ ከበርበሬው ጎን፣ አንድ ሁለት ካሴት ወይም ድምፅ የተቀረጸበት አሮጌ ስልክ አለ። የምናገረው ስለ እሱ ነው። እዚያ የምደርሰው ግን በኢየሩሳሌም በኩል ዞሬ፣ አንዲት መነኩሴ ዘንድ ጎራ ብዬ ነው። ዓመቶቹን የምጠራው እዚህ አገር በምንጠቀምበት በአውሮፓ አቆጣጠር ስለ ሆነ እንዳያደናግራችሁ።

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ1923 አዲስ አበባ ተወለዱ። የቀድሞ ስማቸው የውብዳር ነው። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ናቸው፤ የጎንደር ከንቲባ ስለ ነበሩ ከዚያ የመጣችሁ ሽማግሌዎች ስማቸውን ሳትሰሙ አትቀሩም። እማሆይ በስድስት ዓመታቸው ከእኅታቸው ከስንዱ ጋር ወደ ስዊስ አገር አዳሪ ትምህርት ቤት ተላኩ። (ስንዱ ገብሩ ኋላ ታዋቂ ደራሲ ሆነው፣ በ1957 ለፓርላማ በመመረጥ የመጀመሪያዋ ሴት የሆኑት ናቸው። ስለ እሳቸው ሌላ ቀን ሌላ ሰው ቢናገር ደስ ይለኛል።) ፒያኖና ቫዮሊን የጀመሩት እዚያ ነው። ወደ አገር ተመልሰው ብዙ ሳይቆዩ ጣሊያን ወረረ፤ በ1937 ቤተሰባቸው ተግዞ መጀመሪያ ወደ አዚናራ ደሴት፣ ቀጥሎም ኔፕልስ አጠገብ ወዳለችው መርኮሊያኖ ተወሰደ። ከነፃነት በኋላ ካይሮ ሄደው ኮንቶሮቪች ከተባለ ፖላንዳዊ የቫዮሊን መምህር ዘንድ ተማሩ። እንግዲህ ቁጠሩት፤ ገና በሃያ ዓመታቸው ገደማ ስዊስን፣ ጣሊያንንና ግብፅን አይተዋል፤ ከሦስቱ አንዱ እስር ቤት ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ለንደን ሄደው ሙዚቃ ለመማር ዕድል አግኝተው ነበር፤ መሄድ ግን አልተፈቀደላቸውም። ለምን እንደ ሆነ ዘርዝረው አልተናገሩም፤ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ብለው አልፈውታል። ከሐዘኑ የተነሣ ምግብ አልበላም ብለው ታመው ነበር። ከሕመሙ ሲነሡ ወሎ፣ ግሸን ማርያም ወጥተው መነኮሱ፤ አሥር ዓመት ያህል እዚያ ተራራ ላይ በባዶ እግራቸው ኖሩ። ፒያኖም አልነበረም። ወደ ከተማ ከተመለሱ በኋላ ነው እንደ ገና መጫወትና መድረስ የጀመሩት።

በ1960ዎቹ ጎንደር ሳሉ የቅዱስ ያሬድን ዜማ ያጠኑ ነበር። እዚያም የቆሎ ተማሪዎችን አዩ፤ እነዚያ በደበሎ ተጠቅልለው፣ እየለመኑ በልተው፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጪ የሚያድሩትን ልጆች። የሚሰጧቸው ገንዘብ ስላልነበራቸው ሙዚቃቸውን በሸክላ አስቀርጸው ገቢው ለችግረኛ ልጆች እንዲውል አሰቡ። የመጀመሪያዎቹ ሸክላዎች ጀርመን አገር የታተሙት በዚህ ምክንያት ነው። ብዙ ሰው የእማሆይን ሙዚቃ የሚያደንቀው ስለ ስልቱ ነው፤ የአገራችን ቅኝት በፈረንጅ ፒያኖ፣ ግራ እጅ እንደ በገና ሲያጉረመርም ቀኝ እጅ እንደ ወፍ ሲንጫጫ። እኔ ግን መጀመሪያ የማስታውሰው እነዚያን ልጆች ነው።

በ1984 ኢትዮጵያን ትተው ኢየሩሳሌም ገቡ። 1984 የሚለውን ስትሰሙ አንዳንዶቻችሁ ቀና አላችሁ። አዎን፣ የሙሴ ዘመቻ የተጀመረበት ዓመት ነው። የእኛ ሰዎች ሌሊት ሌሊት በእግራቸው ወደ ሱዳን ሲጓዙ፣ በመንገድና በመጠለያው ብዙ ሺህ ሰው ሲያልቅ፣ እኚህ መነኩሴም በሌላ መንገድ፣ በሌላ ምክንያት ወደዚችው ከተማ መጥተዋል። መንገዱ አንድ ነው አልልም፤ አይደለምም። ግን ደርግን ሸሽቶ፣ እናት የተቀበረችበትን አፈር ትቶ መምጣት ምን እንደ ሆነ እሳቸውም ያውቁታል፤ እናታቸው ያረፉት በዚያው ዘመን ነበርና።

የኖሩበት ገዳም ደብረ ገነት ይባላል፤ ረሖቭ ሃነቪኢም አጠገብ በረሖቭ ኤትዮፕያ ላይ ያለው ክብ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከእናንተ ኡልፓን የምትማሩት ኢየሩሳሌም ስትሄዱ ያንን መንገድ እዩት። ከገዳሙ ፊት ለፊት ባለው ቤት፣ የዕብራይስጥን ቋንቋ ለዕለት ንግግር ያበቃው ኤሊዔዘር ቤን ይሁዳ ኖሮበታል። በአንድ ጠባብ መንገድ ወዲህ ግዕዝ ይቀደሳል፣ ወዲያ አንድ አባት ልጁን በዕብራይስጥ ብቻ ያናግራል! ይህ የሆነው ከመቶ ዓመት በፊት ነው። ልጆቻችሁ በዕብራይስጥ ሲመልሱላችሁ ትዝ ይበላችሁ።

እማሆይ በዚያ ገዳም በአንዲት ጠባብ ክፍል ከፒያኗቸው ጋር ወደ አርባ ዓመት ኖረው፣ በማርች 2023 በ99 ዓመታቸው ዐረፉ። የውጭው ዓለም በሰፊው ያወቃቸው በ2006 ነው፤ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ «ኤትዮፒክ» በተሰኘው ተከታታይ ሥራው በ21ኛው ቁጥር በልዩ ልዩ ጊዜ የቀረጿቸውን የፒያኖ ሥራዎች መርጦ በአንድ ሲዲ አወጣ። በ2013 ደግሞ ማያ ዱኒትዝ የምትባል እስራኤላዊት ፒያኖ ተጫዋች፣ በአሮጌ ቦርሳ ታጭቀው የኖሩትን የኖታ ወረቀቶች ከእሳቸው ተቀብላ አስተካክላ በመጽሐፍ እንዲታተሙ አደረገች፤ ኢየሩሳሌም ውስጥም ኮንሰርት ተደረገላቸው። አስቡት፤ ያንን ቦርሳ አንድ ሰው «አሮጌ ወረቀት ነው» ብሎ ጥሎት ቢሆን! በ2017 የእንግሊዙ ቢቢሲ ስለ እሳቸው ፕሮግራም ሠርቶ፣ በመጠጥ ቤት የሚንኳኳ የፒያኖ ዓይነት አለ፣ በዚያ ስም መነኩሴዋን ጠራቸው። ፕሮግራሙ መልካም ነው፤ ስሙን ግን አልወደድኩትም። ሰው ያልለመደውን ነገር በለመደው ስም ይጠራል፤ እኛንም እዚህ ሲጠሩን እንዲሁ ነው።

አሁን ወደ ካሴቱ ልምጣ። በ2024 መጀመሪያ፣ እማሆይ ካረፉ ከአንድ ዓመት በታች ሲሆን፣ አሜሪካ ውስጥ አንድ ስብስብ ወጣ። ይህኛው ከበፊቶቹ የተለየ ነው፤ እሳቸው ራሳቸው በአማርኛ ይዘፍኑበታል። ግጥሙም ዜማውም የራሳቸው ነው። ስቱዲዮ ገብተው አልቀረጹትም። ከ1977 ጀምሮ ባሉት ዓመታት፣ በደርግ ጊዜ፣ አዲስ አበባ በቤተሰባቸው ቤት፣ ተራ ቴፕ ሪከርደር ፒያኖው አጠገብ አስቀምጠው፣ ቁልፉን ተጭነው፣ እየተጫወቱ እየዘፈኑ የቀረጹት ነው። የሚያጅብ የለም፣ የሚያስተካክል የለም። ጆሮ ሰጥቶ ለሰማው ከመስኮቱ ውጪ ወፎች አሉ፤ የቤቱ ድምፅ አለ። ድምፃቸውም የዘፋኝ ድምፅ አይደለም፤ አንዲት በዕድሜ የገፋች ሴት ማጀት ውስጥ ለራሷ የምታንጎራጉረው ዓይነት ነው።

የሚዘፍኑት ደግሞ ስለ ደመናው፣ ስለ ፀሐዩ፣ ስለ አገር፣ ተለይቶ ስለ ሄደ ሰው ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። እነዚህ የናፍቆት ዘፈኖች ሲቀረጹ እሳቸው ገና አልወጡም። እዚያው አገራቸው፣ እዚያው ቤታቸው ተቀምጠው ነው አገር የሚናፍቁት። በ1977 እና በ1978 አዲስ አበባ ምን ትመስል እንደ ነበር ከእናንተ መካከል የምታውቁ አላችሁ፤ ሰው በጠዋት የወጣው ማታ የማይመለስበት ጊዜ ነበር። ብዙው የወዳጅ ዘመድ ቤት ባዶ ሆኗል። በቤትህ ተቀምጠህ ቤትህ ከሥርህ ሲሄድ ምን ትላለህ? እማሆይ ቁልፉን ተጭነው ዘፈኑ። እናንተም ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ዐሥርና ዐሥራ አምስት ዓመት በግቢ ውስጥ ተከራይታችሁ፣ «ዘንድሮ እንሄዳለን» እያላችሁ ስትጠብቁ የኖራችሁበት ነገር ከዚህ የራቀ አይመስለኝም። ዕቃው ታሥሮ አልተሄደም፤ ቤቱም ቤት አልሆነም።

በስቱዲዮ የተሠራው ሙዚቃ ይበልጣል የሚሉ አሉ። ለጥራት ከሆነ አዎን። ነገር ግን ስቱዲዮ የሚያወጣው ነገር አለ፤ እሱም ቦታውን ነው። ድምፁን አጥቦ አጥቦ የትም የማይገኝ ቦታ ያስቀምጠዋል። የቤት ካሴት ግን ዘፈኑን ከነቦታው ነው የሚይዘው። አንዳንዱ ሰው በሠርግ የተቀረጸን ካሴት ሲሰማ «ጫጫታው አስቸገረኝ» ይላል፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ግን የሚፈልገው ጫጫታውን ነው፣ ማን ማን እንደ ነበረ የሚታወቀው በሱ ነውና።

እዚህ ጋ አንድ ሰው እጁን ሊያወጣ እንደ ሆነ አያለሁ፤ ጥያቄውን ስለማውቀው ራሴ ላንሣው። «እኚህ የክርስቲያን መነኩሴ ናቸው። ለእኛ፣ ወደ እስራኤል ለመጣን፣ ወደ አባቶቻችን ሃይማኖት ለተመለስን፣ ምን አግብቶን እንሰማለን?» ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ገና በግዩር ትምህርት ላይ ናችሁ፤ ጎረቤት ምን ይላል፣ ረቡ ምን ይላል የሚል ስጋት አለ። በሃይማኖቱ ነገር ቄሶቻችንንና ረቡን ጠይቁ፤ እኔ የሃይማኖት መምህር አይደለሁም። እኔ የምለው ሌላ ነው። የጠቀስኳቸው የእማሆይ ዘፈኖች የቅዳሴ ዜማ አይደሉም፤ የአንዲት ሴት የአገር ናፍቆት ናቸው፣ በእናንተው ቋንቋ። መስማት ያልፈለገ አይስማ።

የሚያሳስበኝ ግን ይህ ስጋት በራሳችን ካሴት ላይ የሚያደርገው ነገር ነው። አንዳንድ ቤተሰብ ከአገር ቤት የመጣውን ካሴት ሁሉ ሰብስቦ ወደ ቆሻሻ መጣያ ወስዷል፤ ላዩ ላይ «መዝሙር» ተብሎ ስለ ተጻፈ፣ ወይም የማን እንደ ሆነ ስላልታወቀ። እናንተ ታውቃላችሁ፣ አገር ቤት ባዶ ካሴት ውድ ነበር። ሰው የድሮውን እያጠፋ በላዩ ይቀዳል። ደብዳቤ መጻፍ የማይችል ሽማግሌ እስራኤል ላለ ልጁ ቃሉን በካሴት ነበር የሚልከው፤ «ልጄ ሆይ፣ ከብቶቹ ደኅና ናቸው፣ እኅትህ ወለደች» እያለ። ያንን የሚቀዳው ቤት ባገኘው ካሴት ነው። ስለዚህ ላዩ ላይ መዝሙር የሚል ካሴት በሁለተኛው ገጹ የአያታችሁን ድምፅ ይዞ ሊሆን ይችላል። አንድን ካሴት ከመጣላችሁ በፊት ሁለቱንም ገጽ እስከ መጨረሻው ስሙ። ከሰማችሁት በኋላ ምን እንደምታደርጉበት የእናንተ ፈንታ ነው።

በጎረቤቶቻችን ላይ የሆነውን ደግሞ እዩ። ይህ የምንኖርበት ክፋር ማርሞሬክ የየመን አይሁዶች ሰፈር እንደ ነበረ ታውቃላችሁ። በ1912 ገደማ ኪኔሬት ባሕር ዳር ሰፍረው ብዙ ደክመው፣ ብዙ ሰው ቀብረው፣ በመጨረሻ ከዚያ እንዲነሡ ተደርገው በ1930 እዚህ የሰፈሩት እነሱ ናቸው። እነሱም ሲመጡ ድምፃቸው፣ ከበሮአቸውና ቆርቆሮ እየመቱ የሚዘፍኑት ዘፈን ያስቃል ተብሏል። በዚያው በ1984 ነው እንግዲህ፣ ከየመን የመጡ ወላጆች ልጅ የሆነችው ኦፍራ ሐዛ በቴል አቪቭ የሐቲክቫ ሰፈር እናቷ ስትዘፍነው የሰማችውን፣ ሻሎም ሻባዚ በ17ኛው ምዕተ ዓመት የደረሰውንም ጭምር፣ በአንድ አልበም ሰብስባ ያወጣችው። ከአራት ዓመት በኋላ ዘፈኑ በአውሮፓ ሬዲዮ ሁሉ ይሰማ ነበር። እናቲቱ ማጀት ውስጥ ዝም ብትል ኖሮ ልጅቱ ከየት ታመጣዋለች?

የእኛም አልጠፋም። በ1986 ሲምሐ አሮም የተባሉ የሙዚቃ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እዚህ አገር የገቡትን ቄሶቻችንን ጸሎት በግዕዝና በአገውኛ፣ ከነጋሪቱና ከቃጭሉ ጋር ቀረጹ። ያ ሥራ ተመርጦና ተብራርቶ በዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የአይሁድ ሙዚቃ ምርምር ማዕከል በኩል በ2019 ታትሞ ወጣ። በጊዜው ባይቀረጽ ኖሮ፣ በ1986 ሽማግሌ የነበሩት አባቶች ዛሬ የሉም። ኢየሩሳሌም ያለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትም ከ1960ዎቹ ጀምሮ የየማኅበረሰቡን ድምፅ የሚያከማችበት ክፍል አለው። ይህን የምነግራችሁ ቄስ ያልሆነ ሰው ድምፅ፣ የእናቶች የሠርግ ዘፈን፣ የለቅሶ ሙሾ፣ የሕፃን ማባበያ ግን በአብዛኛው እዚያ እንደማይገኝ ስለማስብ ነው። እሱ ያለው በእናንተ ሻንጣ ነው።

አሁን እጃችሁ ላይ ስላለው ካሴት ጥቂት ልንገራችሁ፤ ይህን ብቻ እንኳ ይዛችሁ ብትሄዱ ይበቃኛል።

የካሴት ክር ቀጭን ላስቲክ ነው፤ ላዩ ላይ የብረት ዝገት የመሰለ ዱቄት ተለጥፏል፤ ድምፁ ያለው ዱቄቱ ላይ ነው። ሙቀትና እርጥበት ያላቅቀዋል። የረሖቮት በጋ ደግሞ ሁለቱንም አሟልቶ ይዟል። ስለዚህ ካሴት በመኪና ውስጥ፣ በሰገነት ላይ፣ በቦይለሩ አጠገብ አይቀመጥም። ማግኔት ካለበት ነገር፣ ከትልቅ ድምፅ ማጉያ አጠገብም አይቀመጥ፤ ያጠፋዋል። በጓዳ ውስጥ፣ በደረቅና በጨለማ ቦታ፣ እንደ መጽሐፍ አቁማችሁ አስቀምጡት።

ከካሴቱ ጀርባ በኩል ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች አሉ። እነሱን ስበሩ። ከዚያ ወዲያ ማንም ልጅ በስሕተት የመቅጃውን ቁልፍ ቢጫን አይጠፋም። ዐሥር ዓመት ያልተሰማን ካሴት ወዲያው አታጫውቱት፤ ክሩ ተጣብቆ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ በእርሳስ ቀስ እያላችሁ እስከ መጨረሻው አጠንጥኑት፣ መልሱት። ነጭ ሻጋታ ካያችሁ ጭራሽ ቴፕ ውስጥ አትክተቱት፤ ለሚያውቅ ሰው ስጡ። የቴፑንም ጭንቅላት በአልኮል በነካ ጥጥ አስጠርጉ፤ የቆሸሸ ቴፕ ክር ይበላል፤ የበላውንም አይመልስም።

ከዚያ ማስገልበጥ ነው። አገር ቤት ሙዚቃ ቤት ሄዳችሁ «ይህን ይህን ዘፈን ቅዳልኝ» እንደምትሉት ማለት ነው። አሁን የሚገለበጠው ወደ ኮምፒዩተር ነው፤ ልጆቻችሁ ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። ለእነሱ ሥራ ስጧቸው፤ በዚህ አገር ልጅ ለወላጁ የሚያስተረጉምበት ቦታ በዛ፤ ይህ ሥራ ግን ከእናንተ መጠየቅ የሚገባው ነው። «ይህ የማን ድምፅ ነው? ምን እያለ ነው? ያ ቃል ምን ማለት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ታገኛላችሁ። ከዐሥር ጊዜ ዘጠኙን አማርኛ የሚሸሽ ልጅ የአያቱን ሳቅ ሲሰማ ቴፑን አይዘጋም። በስልክ የተቀረጸውንም አትርሱ፤ ስልኩ ሲበላሽ አብሮ ነው የሚሄደው። በሁለት ቦታ ይኑር።

ስትመርጡ ደግሞ ጥሩ ጥሩውን ብቻ አትምረጡ። ፋልሴቶ በ2006 ፒያኖውን መረጠ፤ ጥሩ ምርጫ ነበር፤ የእማሆይ ድምፅ ግን ሌላ ዐሥራ ስምንት ዓመት መጠበቅ ነበረበት። ያልተስተካከለውን፣ ሳል ያለበትን፣ መካከል ላይ ዶሮ የጮኸበትን አብራችሁ ያዙ።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። በእያንዳንዱ ካሴት ላይ በብዕር ጻፉበት፤ ማን እንደ ሆነ፣ የት እንደ ሆነ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደ ሆነ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ «በኢትዮጵያ» ብላችሁ ጻፉ፤ አለዚያ የሰባትና የስምንት ዓመት ስሕተት ይመጣል። ስሙን የሚያውቀው ሰው በሕይወት እያለ ዛሬውኑ ጠይቁት፤ ካሴቱ ስም አይናገርምና። ማጫወቻ የሌላችሁ ቴፕ አምጥቻለሁ፤ ከሻዩ በኋላ እዚያ ጥግ ላይ ነኝ፣ አንድ በአንድ እንሰማለን። እናቶች ቀድመው ይምጡ፤ ወንዶቹ ቡና ጠጡ፣ ትደርሳላችሁ።